በካዋሳኪ በሽታ ምክንያት የሚመጣ የልብ ደም ቧንቧ አኒውሪዝም እና ቀዶ ሕክምናው፦ ለወላጆችና ለቤተሰብ የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ልጃቸው በካዋሳኪ በሽታ ምክንያት የልብ ደም ቧንቧው እንደተለጠጠ ለተነገራቸው ወላጆች ነው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል ተብለው ይሆናል። ወይም ደግሞ «አሁን አያስፈልግም፣ እየተከታተልን እንጠብቅ» ተብለው፣ ልብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ለምን ይጠበቃል ብለው ተጨንቀው ይሆናል። እዚህ የተጻፈው የሐኪምዎን ምክር አይተካም። ሐኪሙ የሚነግርዎትን ለመረዳትና የሚፈልጉትን ለመጠየቅ ግን ይረዳዎታል።

አኒውሪዝም ምንድን ነው?

ልብ ለመላው ሰውነት ደም ይረጫል። ጡንቻው ራሱም ደም ይፈልጋል። ይህን ደም የሚያደርሱለት ከልብ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚወርዱ ቀጫጭን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሲሆኑ ኮሮናሪ ይባላሉ። በ2 ዓመት ልጅ ላይ የእነዚህ ቧንቧዎች ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቧንቧው ግድግዳ በበሽታ ሲጎዳ ይደክምና በደሙ ግፊት እንደ ፊኛ ይለጠጣል። የተለጠጠው ቦታ አኒውሪዝም ይባላል። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ግዙፍ አኒውሪዝም» ይሉታል። 8 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት ያህል ነው፤ በትንሽ ልጅ ልብ ላይ ግን በጣም ትልቅ ነው። ሐኪሙ «ዜድ ስኮር» የሚል ቁጥርም ሊነግርዎት ይችላል። ይህ ቁጥር የልጅዎ ቧንቧ በሰውነቱ መጠን ልክ ካለ ጤናማ ልጅ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያሳያል። 2.5 እና ከዚያ በላይ አኒውሪዝም ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ግዙፍ ከሚባለው ይመደባል።

አብዛኛው ወላጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈራው «ይፈነዳ ይሆን?» ብሎ ነው። መፈንዳት ይከሰታል፣ ግን ብርቅ ነው፤ ሲከሰትም በአብዛኛው በሽታው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በፍጥነት እየሰፋ ባለ ግዙፍ አኒውሪዝም ላይ ነው። ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ወንዝ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፣ ደለሉም ይቀመጣል። ደምም በተለጠጠው ቦታ እንዲሁ ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ደም ቧንቧውን ከዘጋ የልብ ጡንቻ ደም ያጣል፤ ይህም በትልልቅ ሰዎች ላይ የምናውቀው የልብ ድካም መታወክ ሳይሆን «ሃርት አታክ» የሚባለው ድንገተኛ አደጋ ነው። በልጅም ላይ ይደርሳል። ልጅዎ አስፒሪን እና ሌሎች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የሚወስደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በዝግታ የሚመጣ ነው። ባለፉት ወራትና ዓመታት ሰውነት የተጎዳውን ግድግዳ ለመጠገን ሲሞክር ጠባሳ ይሠራል። በተለይ አኒውሪዝሙ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት አንገት ላይ ጠባሳው እየወፈረ ቧንቧውን ያጠበዋል፣ አንዳንዴም ኖራ እንደያዘ ቧንቧ ያደርቀዋል። ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ መጥበብ ምክንያት ነው።

ካዋሳኪ በሽታ ከየት መጣ?

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ከዶክተር ቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው። የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በ1967 የ50 ልጆችን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። መንስኤው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይይዛል፣ ወንዶችን ከሴቶች በተወሰነ መጠን ያበዛል። እናት በእርግዝና ጊዜ በበላችው ወይም ባልበላችው ነገር የሚመጣ አይደለም፤ ልጁን ብርድ ስለመታውም አይደለም።

ምልክቶቹን ማወቅ ለሌሎች ልጆችዎና ለጎረቤትዎም ይጠቅማል። 5 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ፈሳሽ ወይም መግል የሌለው የሁለቱም ዓይን መቅላት፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ከንፈር ከቀላ ምላስ ጋር፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር ማበጥ፣ በአንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ናቸው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የጣት ጫፍ ቆዳ ሊላጥ ይችላል። ሁሉም ምልክቶች በአንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ፤ በተለይ ከ6 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ትኩሳቱ ብቻውን ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ ሕፃናት ደግሞ ለአኒውሪዝም የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሽፍታና መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ «ቆዳው ከወትሮው ተለውጧል» ብለው ለሐኪሙ በግልጽ ይናገሩ። ትኩሳት፣ ቀይ ዓይንና ሽፍታ ያለበትን ልጅ ያየ ዘመድ «ኩፍኝ ነው፣ ቤት ይቆይ» ሊል ይችላል። ኩፍኝም ቢሆን ሐኪም ሊያየው የሚገባ በሽታ ነው። በቅርቡ ከኢትዮጵያ የተመለሰ ልጅ ከሆነ ወባም መመርመር ስላለበት ጉዞውን ይናገሩ።

ቀኑ ወሳኝ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ በደም ሥር ከተሰጠ፣ አኒውሪዝም የሚይዛቸው ልጆች ከ4 አንድ ገደማ ከነበረው ወደ 25 አንድ ገደማ ይወርዳል። ልጅዎ መድኃኒቱን በጊዜ አግኝቶም አኒውሪዝም ከወጣበት ግን ማንም ጥፋት አልሠራም፤ በአንዳንድ ልጆች በሽታው ከመድኃኒቱ ይበረታል።

አገር ቤት «የልብ በሽታ ያለበት ልጅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። የልጅዎ ሕመም ያ አይደለም። የተጎዳው በሩ ሳይሆን ልብን የሚመግበው ቧንቧ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም የተለየ ነው። ዘመድ በስልክ «የአክስቴ ልጅ ቫልቭ ተቀይሮለት ዳነ» ቢልዎት የሚያወራው ስለ ሌላ ሕክምና ነው።

ለምን «እንጠብቅ» ይባላል?

ይህ ወላጆችን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስለሆነ በደንብ እንየው።

በመጀመሪያ፣ ብዙ አኒውሪዝሞች ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻሻላሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ወደ መደበኛ ስፋት ይመለሳሉ። ትንንሾቹ የመመለስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ግዙፎቹ ግን እምብዛም አይመለሱም። የተመለሰው ቧንቧም ውስጡ እንደ ድሮው ላይሆን ስለሚችል ክትትሉ አይቆምም።

ሁለተኛው ምክንያት ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ነው። በልጆች ላይ የሚደረገው ዋናው ቀዶ ሕክምና አኒውሪዝሙን ቆርጦ ማውጣት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ይመስለዋል፣ «ለምን አያወጡለትም?» ብሎም ይጠይቃል። የተጎዳው ግድግዳ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ከልብ ጡንቻ ጋር የተያያዘ ነው፣ ከእርሱ የሚነሡ ትንንሽ ቅርንጫፎችም ጡንቻውን ይመግባሉ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው መተላለፊያ ነው፤ ባይፓስ ይባላል። መንገድ ሲዘጋ በጎን በኩል ሌላ መንገድ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ደም ከጠበበው ቦታ አልፎ ወደ ልብ ጡንቻ እንዲደርስ አዲስ ቧንቧ ይሰፋል።

አሁን መጠበቁ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል። አሮጌው መንገድ ገና ደም በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ ደሙ በእርሱ መሄዱን ይቀጥላል። አዲሱ ቧንቧ በቂ ደም ሳይፈስበት ይቀርና እየቀጠነ ሄዶ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ልጅዎ ደረቱ ተከፍቶ፣ ጥሩውን ቧንቧም ተጠቅሞበት፣ ጥቅሙን ሳያገኝ ይቀራል። ያው ቧንቧ ኋላ በእውነት ሲያስፈልግ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚጠብቁት ስለተዘናጉ አይደለም፤ ጠቃሚ የሚሆንበትን ጊዜ እየፈለጉ ነው። ሁኔታው የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤም.አር.አይ.፣ ልብ ሲደክም በቂ ደም ማግኘቱን በሚያሳይ ምርመራ፣ እና በካቴተር ነው። ካቴተር ማለት ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ወይም በክንድ ደም ሥር አስገብቶ ቧንቧዎቹን በቀለም ፎቶ ማንሣት ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚታሰበው በአብዛኛው የልብ ጡንቻ ደም እያነሰው መሆኑ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ የግራው ዋና ቧንቧ ወይም ከፊት ለፊት የሚወርደው ትልቁ ቅርንጫፍ በጣም ሲጠብ፣ ወይም ከአንድ በላይ ቧንቧዎች ሲዘጉ ነው። ልጁ ግን ደረቴን አመመኝ ላይል ይችላል። ሲሮጥና ሲጫወት ጤነኛ ይመስላል። በልጆች ላይ ሰውነት ትንንሽ አማራጭ ቧንቧዎች ስለሚያበቅል መዘጋቱ ድምፅ ሳያሰማ ሊያልፍ ይችላል፤ ቀጠሮ መቅረት የሌለበትም ስለዚህ ነው።

ባይፓስ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በካዋሳኪ በሽታ ለተጎዳ ልጅ የተሠራው በጃፓን ሲሆን፣ ዶክተር ሶይቺሮ ኪታሙራና ባልደረቦቻቸው ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ለመተላለፊያ የተጠቀሙት ከእግር በተወሰደ ደም መልስ ቧንቧ ነበር። የእግር ደም መልስ ቧንቧ ግን ዝቅተኛ ግፊት ለመሸከም የተሠራ ነው፣ ከልጁም ጋር እኩል አያድግም፤ ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ዛሬ የሚመረጠው ከደረት አጥንት ጀርባ፣ በቀኝና በግራ የሚወርደው ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ከላይ ከተነሣበት አይቆረጥም። ከታች በኩል ብቻ ተለይቶ ይወርድና ጫፉ ከጠበበው ቦታ በታች ባለው የልብ ቧንቧ ላይ ይሰፋል። ሕይወት ያለው የራሱ ቧንቧ ስለሆነ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ይረዝማል፣ ይሰፋል። የደረት ግድግዳ ሌሎች የደም ምንጮች ስላሉት አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ መወሰድ አይጎዳም። በዚያው በጃፓን 114 ልጆችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከደረት የተወሰዱት ቧንቧዎች 87 በመቶ ክፍት እንደነበሩ፣ ከእግር የተወሰዱት ግን 44 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ከ25 ዓመት በኋላ 95 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በመካከሉ ሌላ ሕክምና እንዳስፈለጋቸውም ማወቅ ያስፈልጋል። ባይፓስ ልብን ይታደጋል፤ ከክትትል ነፃ አያወጣም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን «ከየትኛው ቧንቧ ነው የምትጠቀሙት? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ልጅዎ በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል። የደረት አጥንት መሐል ለመሐል ይከፈታል። በብዙ ጊዜ የልብና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ ማሽን ይገጠማል፣ ልብም ቧንቧው እስኪሰፋ ድረስ እንዲያርፍ ይደረጋል። ስፌቱ ከፀጉር በቀጠነ ክር በማጉያ መነጽር ይሠራል። በመጨረሻ አጥንቱ ተጋጥሞ ይታሰራል። ሁሉም በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጠበቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ሲረዝም አንድ ችግር ተፈጠረ ብለው አይደምድሙ። በየመካከሉ ማን ወጥቶ እንደሚነግርዎት አስቀድመው ይጠይቁ።

እንደ ማንኛውም የልብ ቀዶ ሕክምና ይህም አደጋ አለው፦ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የልብ ምት መዛባት፣ የአዲሱ ቧንቧ መዘጋት፣ አልፎ አልፎም ስትሮክ ወይም ሞት። የልጆችን ቀጫጭን ቧንቧዎች መስፋት ልምድ ይፈልጋል፤ የሚሠራባቸው ሆስፒታሎችም ጥቂት ናቸው። ወደ ሌላ ከተማ ቢላኩ የሚላኩት ለዚህ ነው። «ይህን ቀዶ ሕክምና በልጆች ላይ ምን ያህል ጊዜ ሠርታችኋል?» ብሎ መጠየቅም፣ የሌላ ሐኪም አስተያየት መፈለግም መብትዎ ነው።

አኒውሪዝሙን ራሱ የሚነኩበት ጊዜስ?

አለ፣ ግን ያነሰ ነው። አኒውሪዝሙ መስፋቱን ካላቆመ፣ በአጠገቡ ያለውን ነገር ከተጫነ፣ በውስጡ የረጋ ደም በተደጋጋሚ ካስቸገረ፣ ወይም የመፈንዳት አደጋ ካለ ቀዶ ሐኪሙ ይከፍተዋል። ውስጡን ያጸዳና ግድግዳውን አጥፎ በመስፋት ያጠበዋል፤ ወይም ሁለቱን ጫፎች አስሮ ከደም ዝውውር ያወጣዋል፤ አንዳንዴም ቆርጦ ያወጣዋል። ጫፎቹ ሲታሰሩ ከዚያ በታች ላለው ጡንቻ ደም የሚያደርስ ባይፓስ አብሮ ይሠራል።

ያለ ቀዶ ሕክምናም በካቴተር የሚደረጉ ነገሮች አሉ። የጠበበውን ቦታ በፊኛ መክፈት፣ ስቴንት ማስገባት፣ የደነደነውን ኖራ መሰል ነገር በሚሽከረከር ትንሽ መሣሪያ መፋቅ ይቻላል። እነዚህ ለሁሉም ቧንቧ አይሆኑም፤ ስቴንት ከልጅ ጋር አያድግምና በትንሽ ልጅ ላይ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ልብ ተከላ የሚታሰበው ጡንቻው ከመዳን አልፎ ሲጎዳና ሌላ መፍትሔ ሲጠፋ ነው፤ በጣም ጥቂት ልጆች ናቸው እዚያ የሚደርሱት።

ከቤተሰቡ አዋቂ ሰው እንዲህ ያለ አኒውሪዝም እንዳለበት ከተነገረ ምክንያቱ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በሲጋራ የሚባባሰው የቧንቧ መደንደን ነው። አንዳንድ ወጣት አዋቂዎች ላይ ግን በልጅነት ያልታወቀ ካዋሳኪ ሊሆን ይችላል። ሕፃን እያለ ለብዙ ቀን ትኩሳት፣ ቀይ ዓይንና የጣት መላጥ እንደነበረበት የምታስታውስ እናት ካለች ለልብ ሐኪሙ ትናገር።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ልጅዎን መጀመሪያ የሚያዩት በፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የመተንፈሻ ቱቦ፣ ከደረቱ ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች፣ የሽንት ቱቦ እና ብዙ ገመድ ይኖራል፤ ፊቱም ሊያብጥ ይችላል። ማየቱ ከባድ ነው፣ ግን የሚጠበቅ ነው። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሁሉ ነገር ደህና ከሄደ ብዙ ልጆች በሳምንት ገደማ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

የደረት አጥንት ለመጋጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ልጁን በብብቱ ይዘው አያንሡት፣ በእጁም አይጎትቱት፤ አንድ እጅ ከራሱና ከትከሻው ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርገው ያንሡት። በጀርባ ማዘል ደረቱን ይጫነዋልና ቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅር፤ ይህን ለአያትና ልጅ ለምትጠብቅ ሰው ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ። በመኪና ግን ቀበቶው ቁስሉን ይነካዋል ብለው የልጅ መቀመጫውን አይተዉ። ጸበል መውሰድ ለሚፈልግ ቤተሰብ፦ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይድን በውኃ መንከርም ሆነ መነካካት ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል መቼ እንደሚቻል ነርሷን ይጠይቁ። ጸበሉም ጸሎቱም መድኃኒቱን አያስቆምም። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን ለጥቂት ቀን ማቋረጥ ብቻ ደም እንዲረጋ በቂ ሊሆን ይችላል።

ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ያን ዕለት ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይደውሉ።

ስለ መድኃኒት በተለይ

አስፒሪን በትንሽ መጠን ለብዙ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ለዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ለትኩሳት ወይም ለሕመም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይስጡ፤ የአስፒሪንን ሥራ ያጠፋዋል። «አድቪል» እና «ሞትሪን» የሚባሉት ይኸው መድኃኒት ናቸው። አስፒሪን የሚወስድ ልጅ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ፈንጣጣ መሰሉ ጉድፍ ሲይዘው ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የተባለ አደገኛ በሽታ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ እርሱም እርስዎም በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይውሰዱ፤ ከታመመ ሰው ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይደውሉ፣ አስፒሪኑን ግን በራስዎ አያቁሙ። ኢሚዩኖግሎቡሊን የወሰደ ልጅ የኩፍኝና የጉድፍ ክትባቶቹ በአብዛኛው 11 ወር ይዘገያሉ፤ ቀኑን በክትባት ካርዱ ላይ ያስጽፉ።

ግዙፍ አኒውሪዝም ያለባቸው ልጆች ዋርፋሪን ሊታዘዝላቸው ይችላል። ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ይለካል፤ ቁጥሩ በብዙ ልጆች ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ምግብ ይገባበታል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ዋርፋሪንን የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው። ጎመን አትብሉ አይባልም፤ የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን ነው የሚባለው። ቤቱ ሥጋና ወተት ትቶ ወደ ጾም ምግብ ሲገባና ሲፈስክ የጎመኑ መጠን ይለዋወጣል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለክሊኒኩ ይንገሩና ምርመራው ቀረብ ቀረብ ይበል። ዳማከሴም ይሁን ጥቁር አዝሙድ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት ለልጁ ከመስጠትዎ በፊት ስሙን ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ ማንም አይስቅብዎትም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግጭት የበዛባቸውን ስፖርቶች ይተዋል። ሌላውን እንቅስቃሴ ግን ሐኪሙ በምርመራ አይቶ ይወስናል፤ ልጁን ከሩጫና ከጨዋታ ሁሉ አግዶ ሶፋ ላይ ማሳደግ ሌላ ጉዳት ነው። ዋርፋሪን የምትወስድ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መድኃኒቱ ፅንስን እንደሚጎዳ ከሐኪሟ በግልጽ ልትሰማ ይገባል። ይህን ወሬ ማሳፈሩ አይከልክለው።

911 የሚደወልበት ጊዜ

ትልቅ ልጅ ደረቱን፣ ክንዱን ወይም መንጋጋውን ሊያመው ይችላል። ትንሽ ልጅ ግን መናገር አይችልም፤ በድንገት መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ዝም የማይል ለቅሶ ወይም መዝለፍለፍ ይታይበታል። አኒውሪዝም ያለበት ልጅ እንዲህ ሲሆን «ሆዱን ነው» ብለው አይጠብቁ። ራሱን ከሳተ፣ ጭንቅላቱን በኃይል ከተመታ፣ ወይም የማይቆም ደም ከፈሰሰውም እንዲሁ ነው። በራስዎ መኪና ከመውሰድ 911 ይደውሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። መጀመሪያ «የካዋሳኪ አኒውሪዝም አለበት» ይበሉ። ኢንሹራንስ ባይኖርዎትም የድንገተኛ ክፍል ልጁን መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ አለበት።

አስተርጓሚና ሰነዶች

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ትልቁን ልጅዎን ወይም ዘመድዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የልብ ቀዶ ሕክምና ስምምነት ላይ «ሊሞት ይችላል» የሚለውን ቃል የ12 ዓመት እህት ለእናቷ እንድትተረጉም መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ቃሉ ሳይነገር ይቀራል። ስልክ ላይ ያለው አስተርጓሚ ካልገባዎት ሌላ ይጠይቁ። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ።

ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሌላ አገር ከመጓዝዎ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት የልብ ሐኪሙን ያማክሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ልጁ ከፍታውን ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ለጉዞው ጊዜና ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የአይ.ኤን.አር. ምርመራ የት እንደሚደረግ ሳይነሡ ይወቁ። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት፣ የመጨረሻውን የልብ አልትራሳውንድ ውጤት፣ የካቴተር ወይም የሲቲ ምስሎቹን በዲስክ፣ እንዲሁም የአኒውሪዝሙን ቦታና ስፋት የሚገልጽ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ የሰነድ ክፍል ይጠይቁ። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ከልጁ ጋር ይሁን። ከተማ ወይም ግዛት ሲቀይሩም፣ ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ወደ አዋቂዎች የልብ ሐኪም ሲዛወርም የሚፈለጉት እነዚሁ ወረቀቶች ናቸው።